ለ4ኛ፣ ለ5ኛና ለ6ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች፦ ስለ ቅዳሜው የፊልም ትምህርት

ሚያዝያ 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

በዓሉን ያከበራችሁ ሁሉ እንኳን በሰላም አደረሳችሁ።

ቅዳሜ ሚያዝያ 17 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ በአዳራሻችን አንድ የቆየ የዲዝኒ ፊልም ለልጆቻችሁ እናሳያለን። ርዕሱ «ዘ ሪላክታንት ድራጎን» ይባላል። መዋጋት የማይሻ ዘንዶ ታሪክ አለበት፤ የመረጥነው ግን ለዘንዶው ብለን ሳይሆን ካርቱን የሚሠራበትን ቤት ከውስጥ ስለሚያሳይ ነው። የሥዕል መምህራችን «ካርቱን ማን ይሠራዋል?» ብለው ሲጠይቁ አብዛኞቹ ልጆች «ኮምፒውተር» ብለው መልሰዋል። መልሱ ዛሬም ቢሆን ሙሉ አይደለም፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ሁሉም ነገር የእጅ ሥራ ነበር።

በፊልሙ ውስጥ ኮሜዲያኑ ሮበርት ቤንችሊ፣ ሚስቱ ወትውታው አንድ የልጆች ታሪክ ለዋልት ዲዝኒ ሊሸጥ ካሊፎርኒያ፣ በርባንክ ወደሚገኘው ስቱዲዮ ይሄዳል። ደንብ የሚያበዛ ወጣት አስጎብኚ ይመደብለታል። ቤንችሊ ከእሱ እያመለጠ ባገኘው በር ሁሉ ዘው ይላል። አንዱ ክፍል ውስጥ ሠዓሊዎች የእውነት ዝሆን አቁመው ይስላሉ፤ ሌላው ውስጥ የዶናልድ ዳክ ድምፅ ባለቤት ክላሬንስ ናሽ ይዘፍናል፤ ሌላው ውስጥ የባቡር ድምፅ ይፈበረካል። እስከዚህ ድረስ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ልጆቹ ቢያጉረመርሙ አይገርመኝም። የካሜራው ክፍል ሲደርስ ግን ድንገት ባለቀለም ይሆናል።

ቀጥሎ የሚመጣው የቀለም ክፍል ነው። ሴቶች ቀለሙን ይቀምማሉ፤ ሴሉሎይድ በሚባል ብርሃን አሳላፊ ስስ ፕላስቲክ ላይ የሥዕሉን መስመር ከፊት ያወጡና ቀለሙን ከጀርባ ይሞላሉ። ፊልም በሴኮንድ 24 ምስል ስለሚያልፍ የአንድ ደቂቃ ካርቱን 1,440 ምስል ይፈልጋል። አንዱን ሥዕል ሁለት ሁለት ጊዜ ቢያነሡት እንኳ 720 ሥዕል ነው። ይህን ስሌት የሒሳብ መምህራችን ቀድመው ያሠሯቸዋል።

እኔ በተለይ የምወደው «ቤቢ ዊምስ» የተባለውን ክፍል ነው። የአንድ ሊቅ ሕፃን ታሪክ ሲሆን፣ የሚተረከው ብዙም በማይንቀሳቀሱ ንድፎች ነው፤ የፊልሙን ታሪክ የሚደርሱት ሰዎች ግድግዳ ላይ ለጥፈው ሐሳባቸውን የሚያስረዱባቸው ዓይነት ንድፎች። ልጆቻችን በእርሳስና በወረቀት ሊሠሩት የሚችሉት ይህን ስለሆነ እዚያ ላይ ፊልሙን አቁመን እንወያያለን።

አንድ ነገር ግን ከእናንተ ጋር መነጋገር እፈልጋለሁ። ፊልሙ ጉብኝት ይምሰል እንጂ አዲሱን ስቱዲዮ የሚያስተዋውቅ ሥራም ነው። የ«ቤቢ ዊምስ»ን ታሪክ ለቤንችሊ የሚተርክለት «ሠራተኛ» በኋላ የፊልም ኮከብ የሆነው ተዋናይ አለን ላድ ነው። በአንጻሩ ዋርድ ኪምቦል፣ ፍሬድ ሙርና ኖርም ፈርጉሰን የእውነት የስቱዲዮው አኒሜተሮች (የካርቱን እንቅስቃሴ የሚስሉ ሠዓሊዎች) ናቸው። በፊልሙ ውስጥ ሁሉም እየሳቀ ይሠራል። ፊልሙ ለሕዝብ የቀረበው በሰኔ 1933 ዓ.ም. ነው (ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ ከገቡ ሁለት ወር ያልሞላበት ጊዜ መሆኑ ነው)። በዚያው ሰሞን ከስቱዲዮው ሠራተኞች ብዙዎቹ ሥራ አቁመው አድማ ላይ ነበሩ፤ ፊልሙ በሚታይበት ሲኒማ ደጃፍ ሳይቀር መፈክር ይዘው ቆመዋል። ጥያቄያቸው ማኅበራቸው እንዲታወቅላቸው፣ የደመወዙ መበላለጥ እንዲስተካከልና ስማቸው በፊልሙ ላይ እንዲጻፍ ነበር። ልጆቻችሁ የሚስቁበትን ጉፊን በመሳል የታወቀው አርት ባቢት ከሥራ መባረሩ ደግሞ ነገሩን አባባሰው። ይህን የምጽፈው ፊልሙን ለማጣጣል አይደለም፤ ጥሩ ፊልም ነው። ነገር ግን ልጃችሁ ቤት መጥቶ «እዚያ ሥራው ጨዋታ ብቻ ነው» ቢላችሁ የምትመልሱለት እንዳታጡ ብዬ ነው። ለ6ኛ ክፍሎች እኛም እንነግራቸዋለን።

ስለ ዘንዶውም አንድ ሁለት ወላጆች ጠይቃችሁኛል። ልጆቻችን ዘንዶን የሚያውቁት ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ነው፤ በዓሉም ሚያዝያ 23 ስለሆነ ጥያቄያችሁ ይገባኛል። ታሪኩ የተወሰደበት የኬነት ግሬም የ1898 ድርሰት (በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር) ውስጥ ዘንዶውን ሊዋጋ የሚመጣው ፈረሰኛ በእርግጥ ጊዮርጊስ ነው። ፊልሙ ግን ሰር ጃይልስ በሚባል ሽማግሌ ተክቶታል። ዘንዶው ግጥም መግጠምና ሻይ መጠጣት ይወዳል፤ ሁለቱ ተስማምተው ለሕዝቡ የይስሙላ ውጊያ ያሳያሉ። ስለ ቅዱሱ የሚነገር ምንም ነገር የለም። ሆኖም ልጄ ይህን ክፍል ባያይ እመርጣለሁ የምትሉ ካላችሁ ቅጹ ላይ ጻፉልን፤ የመጨረሻው ክፍል ስለሆነ ቀድሞ መውጣት አያስቸግርም።

ፊልሙ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለሆነ መምህራን እያቆሙ በአማርኛ ያስረዳሉ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ልጅ በደብተር ጠርዝ ላይ ገጽ በገጽ እየሳለ፣ ገጾቹን በፍጥነት ሲገልጥ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ይሠራል። ስለዚህ ያለቀ ደብተር (ጠርዙ ያልተጻፈበት)፣ እርሳስና ላጲስ ይያዙ። ምሳ ዕቃና ውሃ ቋጥሩላቸው፤ ክፍያ የለውም። 6 ሰዓት ላይ እንጨርሳለን፤ ትናንሾቹን የሚወስድ ሰው በር ላይ ይገኝ። አብራችሁ ማየት የምትፈልጉ ወላጆች ከኋላ ወንበር አለ።

የፈቃድ ቅጹን ፈርማችሁ እስከ ሐሙስ ሚያዝያ 15 ለክፍል ኃላፊው መምህር ላኩልን።

ከሰላምታ ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር