የዚያን ሌሊት ገጽ አሳዩን፦ ግልጽ ደብዳቤ ለጤና ተቆጣጣሪው ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

ስምዎንም የመሥሪያ ቤትዎንም ስም እዚህ አልጽፍም። ሲያነቡት ያውቁታል። በእህቴ ሞት ላይ ያቀረብኩት አቤቱታ መዝገብ ቤትዎ ገብቶ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ "ለኮሚቴው ይቅረብ" ተብሎም ተመርቶበታል። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩ "በሂደት ላይ" ነው። ስደውል በሂደት ላይ፣ በአካል ስመጣም በሂደት ላይ። ጸሐፊዎ ድምፄን ስትሰማ ሰላምታውን ትታ በቀጥታ "በሂደት ላይ ነው" ማለት ከጀመረች ቆየች። ስለዚህ ሰው ሁሉ በሚያነበው ቦታ መጻፍ መረጥኩ።

ነገሩን ላስታውስዎት። እህቴ የኮምቦልቻ ነዋሪ፣ የሦስት ልጆች እናት ነበረች። ደሴ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል የእንቅርት ኦፕራሲዮን ተደረገላት። ከሰዓት በኋላ ነቅታ አናገረችን፤ ልጆቹ ምሳ በልተው እንደሆነም ጠየቀችን። መሸት ሲል አንገቷ ያብጥ ጀመር። ድምጿ ሻከረ። "ፋሻው አጠበቀብኝ" አለች። ለነርሷ ነገርናት። "የስፌት ሕመም ነው፣ ይለቃታል" ተባልን፤ ማስታገሻ ተሰጣት። ወደ እኩለ ሌሊት ቁጭ ካላለች መተንፈስ አቃታት። ተረኛው ሐኪም ይጠራልን ብለን ለመንን። "ተደውሎለታል" አሉን። ሐኪሙ ሲደርስ እህቴ አልነበረችም።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ከዚያ በኋላ ያማከርኳቸው ሐኪሞች ግን የነገሩኝ አንድ ዓይነት ነው። ከእንቅርት ኦፕራሲዮን በኋላ፣ በተለይ በመጀመሪያው 24 ሰዓት፣ አጥብቆ የሚጠበቀው የውስጥ መድማት ነው። ደሙ ከስፌቱ ሥር ይጠራቀምና መተንፈሻዋን ያፍናታል። ትንፋሽ ሲያጥራት ደግሞ ኦፕራሲዮን ክፍል እስክትደርስ አይጠበቅም፤ እዚያው አልጋዋ ላይ ስፌቱ ተከፍቶ ደሙ ይወጣል። ይህን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። እህቴን የገደላት ይኸው ነው ብዬ አልፈርድም፤ መፍረድ የእኔ ሥራ አይደለም። የጠየቅሁት ያን ሌሊት ማን በስንት ሰዓት እንዳያት፣ ምን ብሎ እንደጻፈ፣ ሐኪሙ በስንት ሰዓት እንደተደወለለት ነው። ይህ ሁሉ ካርዷ ውስጥ መኖር አለበት። ከሌለም፣ አለመኖሩ ራሱ ብዙ ይናገራል።

ካርዱን ስንጠይቅ ሆስፒታሉ "የታካሚ ምስጢር ነው" አለን። የማን ምስጢር? የእህቴ። የሚደበቀው ከማን ነው? ካስታመሟት፣ ከፈረሙላት፣ ከቀበሯት ሰዎች። ኦፕራሲዮኑን ፈቅደን ስንፈርም ቤተሰብ ነበርን። የከፈልንም ቤተሰብ ሆነን ነው። ባዕድ የሆንነው ካርዱን የጠየቅን ቀን ነው።

እርስዎ ጋ ስንመጣ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ "አስከሬኑን ለምን አላስመረመራችሁም?" የሚል ሆነ። ጌታዬ፣ እኛ ሙስሊሞች ነን፤ ሌሊት የሞተብን ሰው በማግሥቱ ይቀበራል። አስመርምሩ ብሎ የመከረንም አልነበረም። ለምርመራ አስከሬኑን ይዘን 400 ኪሎ ሜትር ያህል አዲስ አበባ ድረስ መሄድ እንደነበረብን የሰማነው ከእርስዎ ሠራተኛ ነው፣ ያውም ሰደቃዋን ካወጣን በኋላ። በእጃችን ያለው የሆስፒታሉ የሞት ወረቀት ብቻ ነው። የሞት ምክንያት በሚለው ቦታ "የልብ መቆም" ይላል። ሞቶ ልቡ ያልቆመ ሰው አለ?

የወንጀል ሕጉ ቁጥር 543 በቸልተኝነት ሰው ስለመግደል ሲደነግግ ሐኪምንና ሾፌርን በአንድ መስመር ይጠራቸዋል፤ ሁለቱም የሰው ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለባቸው ናቸውና። ከደሴ ኮምቦልቻ መንገድ ሐረጎ ላይ ሾፌር ሰው ቢገጭ ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን ያነሳል፣ ፍሬኑን ያስመረምራል፣ ምስክር ይጽፋል። ሾፌሩን "ፕላኑን አንተው አንሳ፣ ሲመችህ ትሰጠናለህ" የሚለው የለም። ሆስፒታል ውስጥ ሰው ሲሞት ግን ማስረጃው ያለው በተከሳሹ እጅ ነው፤ የሚያስቀምጠውም፣ የሚሰጠውም፣ "ጠፋ" የሚለውም እሱ ነው። ከእጁ ማስወጣት የሚችለው እርስዎ ነዎት። ካርዱ እንዲታሸግልን የጠየቅነው ገና በመጀመሪያው ማመልከቻችን ነበር። ታሽጓል? ይህንንም እስካሁን የሚነግረን አላገኘንም።

ፖሊስ ዘንድ ስንሄድ የባለሙያ ውሳኔ አምጡ አለን። ዐቃቤ ሕግም እንደዚያው። ጠበቃችንም ያለዚያ ወረቀት ፍርድ ቤት ብዙ አንራመድም ይላል። ውሳኔውን የሚሰጠው የእርስዎ ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው ደግሞ አንድ ሰሞን አባላቱ አልተሟሉም፣ ሌላ ጊዜ ሰብሳቢው ሥልጠና ላይ ናቸው።

እርስዎ ዝም ሲሉ ታዲያ ሕጉ ይቆጥራል። ከውል ውጭ ለሚጠየቅ ካሣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 ክስ ለማቅረብ የሚሰጠው የይርጋ ጊዜ 2 ዓመት ነው። ሌላም መንገድ እንዳለ ጠበቃው ነግሮኛል፤ ሁሉም መንገድ ግን ያንኑ የኮሚቴ ወረቀት ይጠይቃል። ይርጋው በጉዳዩ ላይ ሲሞላ ሆስፒታሉ መከራከር እንኳን አያስፈልገውም፤ ጊዜው አልፏል ካለ በቃው። ያኔ ፋይሉን የዘጋው ዳኛው ሳይሆን የእርስዎ ጠረጴዛ ይሆናል።

ገንዘብ ፈልገው ነው የሚሉም አሉ፤ ከእርስዎ ቢሮ ኮሪደር ላይ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይስሙኝ እንግዲህ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሕሊና ጉዳት ካሣ ያስቀመጠው ጣሪያ 1000 ብር ነው። ዛሬ በ1000 ብር ምን እንደሚገዛ ሰኞ ገበያ ወጥተው ይጠይቁ። የልጆቹ ቀለብ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን አልተውም። የእናታቸው ነው፣ መብታቸውም ነው።

አንድ ባልደረባዎ በትሕትና ያሉኝን አልረሳም። በ2014 ጦርነት የጤና ተቋሞቻችን ተዘርፈዋል፣ መሣሪያም ባለሙያም አልተሟላም አሉኝ። አውቃለሁ፤ እኔም እዚሁ ነበርኩ። ነርሷም ትታሰር አላልኩም። ያን ሌሊት ያን ሁሉ በሽተኛ ብቻዋን ይዛ ስትሯሯጥ አይቻለሁ። ብቻዋን ማን አቆማት ብሎ መጠየቅም የእናንተ ሥራ ይመስለኛል። ሰዓትና ስም ለመጻፍ ግን እስክሪብቶ ይበቃል። ለአቤቱታ መልስ ለመስጠትም እንዲሁ።

ይርጋው ነሐሴ ላይ ይሞላል። ከዚያ በፊት ካርዷ ሙሉው፣ የነርሶቹ ማስታወሻ ሳይቀር፣ ኮሚቴው ፊት ይቅረብ፤ እኛም እንየው። ኮሚቴው ጥፋት አለ ካለ አለ ብሎ ይጻፍ። የለም ካለም ምክንያቱን ዘርዝሮ፣ ቁጥርና ማኅተም ያለበት ወረቀት ይስጠን፤ ይግባኝ የምንለው እሱን ይዘን ነው። በፖስታ መላክ አያስፈልግም። ደሴ መጥቼ ራሴ እወስደዋለሁ፤ መዝገብ ቤቶቹ ያውቁኛል።