136 ሜትር ገመድ፣ 5 ስዊች፣ 2 የመብራት መስመር፦ ለሊኑክስ ተጫዋቾች ቀን የድጋፍ ጥሪ

ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት፣ አራት ኪሎ አካባቢ በምንከራየው አዳራሽ 24 የሊኑክስ (በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ነፃ ሥርዓት) ተጠቃሚዎችን በአንድ ኔትወርክ የኮምፒውተር ጨዋታ ልናጫውት ተዘጋጅተናል። በበዓሉ ሰሞን ያላደረግነው ወደ ጃንሜዳ የሚወስደው መንገድ ስለሚዘጋ ነው፤ ዴስክቶፕ ከነሞኒተሩ ታቅፎ ከፒያሳ በእግሩ ዳገት የሚወጣ ሰው አናገኝም። ጨዋታዎቹ ነፃ ናቸው፣ ኢንተርኔትም አያስፈልገንም። የጎደለን ዕቃ ነው። የምናሰባስበውም እንደ ዕድር ድንኳንና ወንበር የጋራ ሆኖ ይቀመጣል፤ ነገ ሌላ ቡድን ሲያስፈልገው ፈርሞ ይወስዳል።

«ዋይፋይ እያለ ገመድ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። በዋይፋይ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ማለት አለበት። 24 ኮምፒውተር በአንድ ቻናል ሲሰለፍ፣ የጎረቤት ቢሮዎች ራውተር ሲታከልበት፣ የመልስ ጊዜው አንዴ 5 አንዴ 200 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ዜኖቲክ የተባለው የተኩስ ጨዋታ ላይ አነጣጥራችሁ ስትተኩሱ ሰውዬው ቀድሞ ሄዷል።

አቀማመጡ 4 ጠረጴዛ ነው፤ በየጠረጴዛው 6 ሰውና አንድ ባለ 8 ቀዳዳ ጊጋቢት ስዊች፣ ማለትም ኮምፒውተሮችን በገመድ የሚያገናኝ ሳጥን። 6 ቀዳዳ ለተጫዋቾች፣ 1 ወደ መሃል ለሚሄደው ገመድ፣ 1 መጠባበቂያ። አምስተኛው ስዊች መሃል ላይ ሆኖ አራቱን ጠረጴዛዎች፣ ሰርቨሩን (ጨዋታውን የሚያስተናግደውን ኮምፒውተር) እና ፋይል የሚያድለውን ላፕቶፕ ያገናኛል። አንድ ባለ 24 ስዊች ይበቃል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው፤ ሰርቨሩና ላፕቶፑ ሲጨመሩ ግን 26 ቀዳዳ ያስፈልጋል፣ የሁሉም ሰው ገመድም ወደ አንድ ጥግ እየሄደ እግር ይጠልፋል።

ገመዱ ለተጫዋቾች 3 ሜትር በ24፣ ለጠረጴዛዎቹ 15 ሜትር በ4፣ ለሰርቨሩና ለላፕቶፑ 2 ሜትር በ2 ሲሰላ 136 ሜትር ነው። አንድ የ305 ሜትር ካርቶን ካት 6 የኔትወርክ ገመድ ከነትርፉ ይበቃናል። በየገመዱ ጫፍ የሚታሰሩት ራሶች (አርጄ-45) 60 ናቸው፤ የሚበላሽ ስለማይጠፋ 100 አርጄ-45 እንጠይቃለን።

ገመድ የምትገዙልን ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት አንዷን ቀጭን ሽቦ በምላጭ ፋቁ። ውስጡም ቀይ ከሆነ መዳብ ነው፤ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ ተዉት። የአሉሚኒየሙ ካርቶን ገና ስታነሱት ይቀልላል። እንዲህ ያለው ገመድ ሁለት ሦስት ጊዜ ከታጠፈ ራሱ ሥር ይሰበራል፤ ስብራቱም ከውጭ ስለማይታይ እሱን ለማግኘት ግማሽ ቀን ያስፈልጋል።

የገመዱን ራስ ለመምታት (ሽቦዎቹን አስገብቶ በመቆንጠጫ ለማሰር) ፈቃደኛ የሆናችሁ ደግሞ ቀለሙን በዚህ ተራ አስገቡ፦ ነጭ-ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡኒ፣ ቡኒ። አረንጓዴው ከጥንዱ ተነጥሎ ሰማያዊዎቹን ማቀፉ ስህተት ይመስላል፣ ግን አይደለም። ጥንድ ጥንዱን ጎን ለጎን የደረደረ ሰው ቴስተሩ (የገመድ መፈተሻው) 8ቱንም መብራት ያበራለታል፤ ጨዋታ ሲጀመር ግን አንዱ መስመር የሌላውን ምልክት እየረበሸ ይቆራረጣል። ቴስተር የሚያየው ሽቦው መድረሱን እንጂ ከማን ጋር ተጠማዞ እንደመጣ አይደለም። የገመዱ የውጭ ልባስም አርጄ-45ቱ ውስጥ ገብቶ መነከስ አለበት፤ ካልሆነ ገመዱ ሲጎተት ክብደቱን የሚሸከሙት ቀጫጭኖቹ ሽቦዎች ናቸው።

መብራቱ ከገመዱ ይበልጥ ያሳስበናል። 16 ላፕቶፕ በ90 ዋት 1,440፣ 8 ዴስክቶፕ ከነሞኒተሩ በ300 ዋት 2,400፣ በድምሩ 3,840 ዋት ይሆናል። አንድ የ16 አምፒር ብሬከር በ220 ቮልት የሚችለው 3,520 ነው። ስለዚህ ሁለት ሁለቱን ጠረጴዛ በተለያየ መስመር እናስገባለን፤ እያንዳንዱ መስመር 1,920 ዋት ይሸከማል። አንድ ሰው የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ እስኪሰካ ድረስ ማለት ነው፤ ያኔ 2,000 ዋት ይጨመርና ብሬከሩ 12 ሰው ይዞ ይወርዳል። ቡናው በረንዳ ላይ፣ በከሰል ይፈላል። በዚህ ክርክር የለም።

8 ባለ 5 ቀዳዳ ዲቫይደር ያስፈልገናል፣ ለየጠረጴዛው 2። ሁለቱም ለየብቻ ግድግዳው ላይ ይሰካሉ፤ ዲቫይደር በዲቫይደር ላይ አይቀጠልም። ረጅም ኤክስቴንሽንም እንደተጠቀለለ ከተተወ ስለሚግል ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል። ለሰርቨሩና ለመሃሉ ስዊች አንድ 650 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ) እንፈልጋለን። የጠረጴዛ ስዊቾቹ 5 ቮልት የሚጠቀሙ ከሆኑ በፓወር ባንክ ይሠራሉ፤ መብራት ቢሄድ ላፕቶፖቹ ጨዋታውን ይቀጥላሉ። ስለዚህ ስዊች የምታውሱን ሰዎች አዳፕተሩን በፕላስተር ከስዊቹ ጋር አጣብቁልን፣ የ12 ቮልት አዳፕተር የ5 ቮልቱን ስዊች ያቃጥለዋል። መብራት ሲመለስ ዴስክቶፖቹ ወዲያው አይበሩም፣ 5 ደቂቃ እንጠብቃለን።

የምንጫወተው ዜኖቲክ፣ ሱፐርተክስካርት (የመኪና እሽቅድምድም) እና ዜሮ ኤዲ (ከተማ ገንብቶ ጦር የሚመሩበት) ነው። ቫሎራንትና ፎርትናይት በጸረ-ማጭበርበሪያቸው ምክንያት ሊኑክስ ላይ ስለማይሠሩ አትጠብቋቸው። ሱፐርተክስካርት በኔትወርክ መጫወት የቻለው እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው 1.0 ጀምሮ ስለሆነ አሮጌ ቅጂ አይረዳም። ዜሮ ኤዲ ደግሞ ቅጂው ካልተመሳሰለ አያስገባም፤ ዴቢያንና ፌዶራ የተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች የሚሰጡት ቅጂ ሊለያይ ስለሚችል ሁሉም ከእኛ ላፕቶፕ ይወስዳል። ለዚህም 6 ባለ 16 ጊጋባይት ፍላሽ ብታውሱን ደስ ይለናል። የታሸገውን ፋይል ፍላሹ ላይ ሳይሆን ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ ፍቱት፤ ብዙ ፍላሽ የሚፎርማትበት ኤክስፋት የሊኑክስን የፋይል ፈቃድ አይዝም፣ ጨዋታው አልነሳም ሊል ይችላል።

ዜሮ ኤዲ ላይ በአንድ ግጥሚያ 8 ሰው ነው ጣሪያው። ሁሉም ኮምፒውተር እኩል እየተራመደ ስለሚያሰላ በጣም ደካማው ሁሉንም ይጎትታል። በጨዋታው ውስጥ የእያንዳንዱን ተጫዋች የሕዝብ ቁጥር 100 ላይ የምንገድበው ለዚህ ነው፤ በ300 ሲጫወቱ የኖሩ ቢከፋቸውም። 8 ጊጋባይት ራም ያላቸው 2 ትርፍ ዴስክቶፖች የሚያውሰን ቢገኝ ደካማ ማሽን የያዘ ሰው እነሱ ላይ ይቀመጣል።

የቤታችሁን ራውተር አታምጡ። እሱም ለኮምፒውተሮቹ የኔትወርክ አድራሻ ማደል ይጀምርና ግማሹ ሰው ሰርቨሩን ያጣዋል። የኤንቪዲያ የግራፊክስ ካርድ ያላችሁ ድራይቨሩን (ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) ቤታችሁ ጭናችሁ፣ አንድ ጊዜም አጥፍታችሁ አብርታችሁ ኑ፤ አዳራሹ ውስጥ የሚወርድበት ኢንተርኔት የለም።

የብር መጠን ያልጻፍነው የዕቃ ዋጋ ስለሚለዋወጥ ነው። ገንዘብ የምንቀበለው ለአዳራሹ ኪራይ ብቻ ነው፤ ደረሰኙ በር ላይ ይለጠፋል። ዕቃ የምትሰጡ ይህን ጥሪ ላደረሳችሁ ሰው የዕቃውን ዓይነትና ቁጥር፣ በስጦታ ይሁን በውሰት ንገሩት። የውሰት ዕቃ ላይ ስማችሁን ጽፋችሁ ለጥፉ። ገመዱና ስዊቾቹ ግን እስከ ረቡዕ መድረስ አለባቸው፤ ሐሙስና ዓርብ 60ዎቹን ራሶች እየመታን አንድ በአንድ እንፈትሻለን።