ትግል መማር ለምትፈልጉ

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ፣ ሰሞኑን ማርቆስም ባህር ዳርም ያላችሁ ልጆች በውስጥ መስመር "ጁዶ ይሻላል ወይስ ጂዩ ጂትሱ" እያላችሁ ስለጠየቃችሁኝ ለሁላችሁም አንዴ ልመልስ ብዬ ነው።

ጁዶ ጂጎሮ ካኖ የሚባል ጃፓናዊ በ1882 እ.ኤ.አ የጀመረው ነው፣ ዋናው ነገር ልብስ ይዞ መጣል ስለሆነ ቆሞ መታገል ለሚወድ አሪፍ ነው። የብራዚሉ ጂዩ ጂትሱ ከዛው ከጁዶ የወጣ ሆኖ መሬት ላይ ነው የሚበዛው፣ ማነቅ ክንድ መቆለፍ ከስር ሆኖ መገልበጥ ምናምን። ሬስሊንግ ማነቅ የለውም፣ የሰውየውን ትከሻ መሬት ማስነካት ነው፣ ከብት ስንጠብቅ ሜዳ ላይ ስንታገል ያደግን ልጆች ለዚህ እንቀርባለን ሃሃ።

ግን እውነት ለመናገር እኛ ጋ ብዙ የሚታየው ቴኳንዶ ነው፣ እሱ ደግሞ በእግር መምታት እንጂ ትግል አይደለም፣ ስለዚህ የትግል ቦታ ካገኛችሁ ስሙን ሳይሆን አሰልጣኙን እዩ። ሳትመዘገቡ አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ፣ መሬት ላይ የሚነጠፈው ማት ወፍራም ነው ወይስ ሲሚንቶ ላይ ነው የሚጣሉት፣ ጀማሪ መጀመሪያ አወዳደቅ ይማራል ወይ፣ ልጁ በቃኝ ብሎ መታ መታ ሲያደርግ ወዲያው ይለቁታል ወይ። እኔ መጀመሪያ የገባሁበት ቦታ አወዳደቅ ሳያሳዩኝ ወርውረውኝ ትከሻዬ ሁለት ወር እጄን አላነሳም ብሎኝ ነበር፣ የከፈልኩት የሦስት ወር ብርም እዛው ቀረ። በወር በወር ክፈሉ።

ጥፍራችሁንም ቁረጡ በናታችሁ።

ፍኖተ ሰላም ዳንግላ ቡሬ ያላችሁ፣ የምታውቁት ቦታ ካለ እዚሁ ጣሉልን።