መልቲሜትርህ አሁንም እኔ ጋ ነው

ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? ሁለት ጊዜ ደውለህልኝ አላነሳሁም። "ማታ እደውልለታለሁ" እያልኩ ሳምንታት አለፉ፣ ከዚያ ወራት። በኋላማ "አሁን ምን ብዬ ልደውል" የሚለው እፍረት ያዘኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በለኝ። ሰበብ አልደረድርም። ስንገናኝ እንደልብህ ትወቅሰኛለህ፣ እኔም ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።

መልቲሜትርህ፣ ያ ቮልት መለኪያህ፣ አልጠፋም። ባትሪውን ቀይሬለታለሁ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው። ትናንት ማታ አንድ ቁጥር አሳየኝ፣ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ግን አስቀድሜ መንገር የነበረብኝ ሌላ ነገር አለ። ሴት ልጅ ወልደናል። ስምንት ወሯ ነው። ይህን በደብዳቤ መስማት እንዳልነበረብህ አውቃለሁ፣ ስጽፈው ራሱ እጄ ከበደኝ። ዓይኗን ስታያት ትወዳታለህ። እንቅልፏ ግን የወፍ ነው። ኮሽ ካለ ትነቃለች። አልጋዋ ደግሞ ከጠረጴዛዬ 2 ሜትር አይርቅም።

ያን ትልቁን ኮምፒውተሬን አንተ "ወፍጮው" ትለው ነበር። እኔ ስከራከርህ ኖርኩ፣ አንተ ልክ ነበርክ። ጌም ከፍቼ 5 ደቂቃ ሳይሞላ ፋኑ ይጮሃል፣ እሷ ትነሳለች፣ በቃ የዚያ ሌሊት ነገር አለቀ። ሸጥኩት። ከዚያ አንድ ሐሳብ ያዘኝ፤ ጌም የሚያጫውት፣ ግን የማይሰማ ኮምፒውተር።

ሠራሁት። ማዘርቦርዱ፣ ሁሉም ነገር የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ፣ ሚኒ አይቲኤክስ የሚሉት ትንሹ ዓይነት ነው፣ 17 በ17 ሴንቲሜትር። ግራፊክስ ካርዱ፣ የጌሙን ምስል የሚሠራው፣ ጂቲኤክስ 1650 ነው፣ ያ ተጨማሪ የኃይል ገመድ የማይፈልገው ዓይነት። የሚበላውን 75 ዋት በሙሉ ከማዘርቦርዱ ማስገቢያ ላይ ይወስዳል። ፕሮሰሰሩ፣ ዋናው አስሊ ቺፕ፣ 65 ዋት የተጻፈበት ራይዘን ነው። ለሁሉም ኃይል የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላዩ ግን ፒኮ የሚሉት ነው። ባለ 24 ፒኑ መሰኪያ ላይ ቀጥታ የሚቀመጥ ትንሽ ሰሌዳ። መደበኛው ኤቲኤክስ ፓወር ሰፕላይ 15 በ14 በ8.6 ሴንቲሜትር የሆነ ብረት ነው፤ ይኼ እጄ ውስጥ ስጨብጠው አይታይም። ፋን የለውም፣ አያስፈልገውምም። የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ወደ 12 ቮልት የመቀየሩን ከባድ ሥራ ውጭ ያለው አዳፕተር ይሠራለታል። የሱ ድርሻ ከዚያ ላይ 5 ቮልትና 3.3 ቮልት ማውጣት ነው። 12 ቮልቱ እንደመጣ ያልፋል። ይቺን "እንደመጣ ያልፋል" የምትለዋን ያዝልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

የመጀመሪያውን ማታ ብታይ! ቁልፉን ተጫንኩ፣ ምንም የለም። ያልተነሳ መስሎኝ ልነካካው ስል ስክሪኑ በራ። ጆሮዬን ሳጥኑ ላይ ለጠፍኩ። የካርዱ ፋን እንኳ ቀስ ብሎ ስለሚዞር ከልጄ ትንፋሽ በላይ አልተሰማም። አንድ ሰዓት ተጫወትኩ፣ አልነቃችም። ስጨርስ ያሰብኩት አንተን ነው። ላሳይህ ፈልጌ ስልኬን አነሳሁ፣ ከዚያ እፍረቱ መጣና መልሼ አስቀመጥኩት።

በሦስተኛው ማታ ጨዋታው መሀል ላይ ድርግም አለ። ማስጠንቀቂያ የለ፣ የስህተት መልእክት የለ። አስነሳሁት፣ እንደገና ከባድ ቦታ ስደርስ ጠፋ።

ስሌቴን ልንገርህ። አዳፕተሩ 12 ቮልት፣ 12.5 አምፔር ነው፤ 150 ዋት ማለት ነው። 65 እና 75 ሲደመር 140። ይበቃል አልኩ። አንተ ብትኖር ገና ወረቀቱን ሳታይ "ተው" ትለኝ ነበር። ያ 65 ዋት ጣሪያ አይደለም፣ ራይዘኑ ሲጨነቅ እስከ 88 ይሄዳል። ማዘርቦርዱ፣ ሚሞሪው፣ ዲስኩና ፋኑ ደግሞ ሌላ 20 ይወስዳሉ። ድምሩ 183 ሆነ። በዚያ ላይ ግራፊክስ ካርድ ኃይል የሚስበው በእኩል ፍሰት አይደለም፤ በሚሊሰከንድ ውስጥ ከፍ ብሎ ይወርዳል። ትልቅ ፓወር ሰፕላይ ያንን ዋጥ ያደርገዋል። ጠባብ አዳፕተር ግን ራሱን ለማዳን ይዘጋል። እኔ ስደምር የቆየሁት አማካዩን ነበር።

እሺ፣ ፕሮሰሰሩን ወደ 45 ዋቱ ኃይል ቆጣቢ ኢኮ ሞድ አወረድኩት። አሁን ቢበዛ 60 ዋት ገደማ ነው የሚስበው። ጌሙንም በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል) ላይ ገደብኩት። ልዩነቱን በዓይኔ አላየሁትም፣ እውነቴን ነው። መጥፋቱ ቆመ። አንድ ሳምንት በሰላም ተጫወትኩ። ጨረስኩ ብዬ ነበር።

ትናንት ማታ ግን ገመዱን ላስተካክል ስል አዳፕተሩ የሚሰካበትን ቦታ ነካሁት። ጣቴን አሳርፌ መቆየት አልቻልኩም። ያኔ ነው መልቲሜትርህን ከመሳቢያ ያወጣሁት። ትርፍ ከሆነው ባለ 4 ፒን መሰኪያ ቢጫውና ጥቁሩ ላይ ለካሁ። ኮምፒውተሩ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ 12.1 ቮልት። ጌም ሲሮጥ 11.2።

አየኸው አይደል? ለ12 ቮልት መስመር በተለምዶ የሚፈቀደው መዋዠቅ 5 በመቶ ነው፣ ወለሉ 11.4። ከወለሉ በታች ነኝ። የጠፋው 0.9 ቮልት ደግሞ በ10 አምፔር ሲባዛ 9 ዋት ይሆናል። አብዛኛው እዚያች ትንሽ ክብ መሰኪያና ቀጭን ገመድ ላይ ሙቀት ሆኖ የሚቀር ይመስለኛል። ፒኮው 12 ቮልቱን አያስተካክለውም፣ እንደመጣ ያሳልፈዋል። ወይስ አዳፕተሩ ራሱ ደክሞ ቮልቱን ጥሎት ይሆን? ይሄ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ነው። እንዴት ለይቼ እንደምለካ ንገረኝ።

ኮምፒውተሩ ቢቃጠል ይቃጠል። ያቺ መሰኪያ ግን የልጄ አልጋ አጠገብ ናት። እንቅልፍ የነሳኝ ይኼ ነው።

አንድ የማውቀው ሰው "ሁለት አዳፕተር አንድ ላይ እሰርበት" አለኝ። አላደርገውም። የአንዱ ቮልት በትንሹ ከፍ ካለ ጭነቱን ብቻውን ይሸከማል፣ ሌላው ቆሞ ያያል። ይህን ያስተማርከኝ አንተ ነህ።

ጋሊየም ናይትራይድ የሚሏቸውን ፓወር ሰፕላዮችም አይቻለሁ። ፋን የሌላቸው፣ ከግድግዳው በቀጥታ የሚሠሩ፣ 250 ዋት የሚሰጡ ቀጫጭኖች። በጣም ያምራሉ፣ አልዋሽህም። ግን ሙቀቱን ሳጥኑ ውስጥ ያስገቡብኛል። 90 በመቶ ቢሠራ እንኳ፣ 150 ዋት ለመስጠት 17 ዋት ገደማ ራሱ ላይ ይቀራል። ፋን በሌለው ጠባብ ሳጥን ውስጥ ያ ትንሽ አይደለም። በአዳፕተር ሲሆን ያ ሙቀት ወለሉ ላይ ነው የሚቀረው፣ ከካርዱ ርቆ።

ስለዚህ ልቤ ያረፈው በዴል ዲኤ-2 አዳፕተር ላይ ነው። 12 ቮልት፣ 18 አምፔር፣ 220 ዋት ይባላል። ፋን የለውም፣ ገመዱም ወፍራም ነው። ክቧን መሰኪያ ጨርሶ ማስወገድ እፈልጋለሁ። በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ቀጥታ አምጥቼ፣ የፕሮሰሰሩን 12 ቮልት በፒኮው ሳላሳልፍ ለብቻው መስጠት። ያኔ ፒኮው የሚሸከመው ካርዱንና ማዘርቦርዱን ብቻ ይሆናል። መሀል ላይ ፊውዝ። ልክ ነኝ? ወይስ ያላየሁት ነገር አለ?

ሌላው ደግሞ... እንዴት እንደምለው አላውቅም። ሽቦውን ሶልደር የማደርገው፣ በቀለጠ ብረት የማጣብቀው፣ እኔ ብሆን አላምነውም። ቀዝቃዛ፣ ማለትም በደንብ ያልተጣበቀ መጋጠሚያ ከሠራሁ ያው ሙቀት ቦታ ቀይሮ ይመጣል። ያንተን እጅ ነው የማምነው። ስትሠራ ምላስህን በከንፈርህ ጥግ የምታወጣት ነገር፣ አሁንም አለች? አንድ ቅዳሜ ብትመጣልኝ። አንተ ካልተመቸህ ሁሉንም ሸክሜ እኔ እመጣለሁ። ልጄንም ይዣት እመጣለሁ፣ ብትስማማ።

ከተቀየምከኝም ይገባኛል። ቢያንስ ስለ ሽቦው ብቻ ጻፍልኝ።

ኮምፒውተሩን ከሶኬቱ ነቅዬዋለሁ። መልስህ እስኪመጣ አልሰካውም። መልቲሜትርህን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ።

ያው ወንድምህ