ቤዝ ጊታርህን ይዘህ ለሄድከው ልጄ

ልጄ፣ እንዴት ነህልኝ? ፋንክ የሚሉትን የጭፈራ ሙዚቃ ከሚጫወት ባንድ ጋር መጫወት መጀመርህን ከእህትህ ሰማሁ። ያስከፋኝ አንተ ራስህ ለመንገር መፍራትህ ነው እንጂ ሙዚቃውስ አይደለም። አባትህም ዝም ያለው ተቆጥቶ እንዳይመስልህ።

እህትህ የላከችልኝን ቪዲዮ ስከፍት መጀመሪያ የለየሁት ቤዙን ነው። ኳየር ላይ መዝሙሩ ሲፈጥንና ጉባኤው ማጨብጨብ ሲጀምር፣ ዓይንህን ከድራመሩ እግር ሳትነቅል ሁሉንም ይዘህ የምትሄደው አንተ ነበርክ። አሁንም ያው ነህ።

በዚህ መንገድ የሄድከውም አንተ የመጀመሪያው አይደለህም። ታዋቂው የፋንክ ሙዚቀኛ ስላይ ስቶን ያደገው ካንተ ብዙም በማይርቀው የካሊፎርኒያ ከተማ ቫሌሆ፣ ጴንጤ ቤተሰብ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ገና ልጅ ሳለ ከወንድሙና ከእህቶቹ ጋር የመዝሙር ሸክላ አስቀርጿል። በኋላም ዓለም በጨፈረበት ባንዱ ውስጥ ወንድሙ ፍሬዲ ጊታር፣ እህቱ ሮዝ ኪቦርድ ይጫወቱ ነበር። አንዱ ሲጀምር ሌላው እየተቀበለ የሚዘፍኑትን ስማው፤ እኛ ስናመልክ የምናደርገው እኮ ነው።

የባንዱ ቤዚስት ላሪ ግራሃም ደግሞ እዚያው አንተ ያለህበት ኦክላንድ ከእናቱ ጋር ይጫወት ነበር። ድራመር ስላልነበራቸው የከበሮውን ቦታ በቤዙ ለመሙላት ወፍራሙን ክር በአውራ ጣቱ ይመታል፣ ቀጭኑን በሌላ ጣቱ ስቦ ይለቀዋል። ቀን ከሌት የምትለማመደው ስላፕ የሚሉት አመታት እናቱ አጠገብ ቆሞ ያመጣው ነው! ይሄን ሳነብ ደስታዬን መቻል አቅቶኝ ለአባትህ ጮክ ብዬ አነበብኩለት።

የምፈራው ሌላ ነገር ነው። ስላይን የጎዳው ፋንክ ሳይሆን ዕፅ ነው። ሕዝብ ትኬት ቆርጦ እየጠበቀው የቀረባቸው ኮንሰርቶች ነበሩ፣ ያን የመሰለ ተሰጥኦ ይዞ። ስለዚህ ከመድረክ ስትወርድ ከማን ጋር እንደምትሆን፣ ምን እንደምትጠጣ፣ ስንት ሰዓት እንደምትተኛ መጠየቄን አልተውም፤ ቢሰለችህም መልስልኝ።

እዚህ ቸርች «ወደ ዓለም ሄደ» የሚል አይጠፋም። ይበሉ። አንተ ብቻ ጸሎትህን እንዳታቋርጥ።

በሚቀጥለው ስትጫወቱ ሙሉውን አስቀርጽልኝ። ዘፋኟን ብቻ እንዳያሳዩ ንገራቸው፤ እኔ ጣቶችህን ነው ማየት የምፈልገው። እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሁላችንም ቤት ስለምንሆን ያኔ ደውል፣ አባትህም ስለ ድራመራችሁ የሚጠይቅህ ነገር አለው።

እናትህ