ለአባባ፣ ከወጨጫ መልስ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱልኝ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከወደቁ ወዲህ ደረጃ መውረድ የመተውዎን ነገር ስልክ ላይ ባነሳሁ ቁጥር «ተይው እስኪ» ብለው ወሬ ስለሚለውጡብኝ፣ ዛሬ በጽሑፍ ልንገርዎት ብዬ ነው።

አባባ፣ ወጨጫን ወጣሁት። ጀሞ ስንገባ በረንዳው ላይ ልብስ ማስጣት አቅቶኝ፣ እማዬ ነፍሷን ይማርና እሷ ስታሰጣ ቀሚሷን ከኋላ ጨምድጄ እቆም የነበርኩት ልጅዎ ከ3,300 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ ላይ ቆምኩ። ሁልጊዜ ከሩቅ የምናየው ያ ተራራ ነው።

የወጣነው በሱባ ደን በኩል ነው። ደኑ ውስጥ እያለን ምንም አልሆንኩም። አጼ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዘሩን ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉት እየተባለ የሚተረክለት ደን ነው፤ ጥዱ ሽቅብ ሲያዩት አንገት ያማል፣ ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ዛፍ ይዘላሉ። ዳገቱ ቢከብድም ዙሪያዬን ግንድ ስለነበር ዓይኔ የሚይዘው አላጣም። የኮሶውን ዛፍ አልፈን አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ከጀመረ በኋላ ግን ዛፉ እያጠረ ሄደና ሸንተረሩ ላይ ስንደርስ በሁለቱም ወገን ምንም የለም። ጉልበቴን ብርክ ያዘው። መሬቱ ከሥሬ የሚንሸራተት መሰለኝና ቁጭ ብዬ ሣሩን በሁለት እጄ ጨበጥኩ። ሌሎቹ ሲያልፉ ቀና ብዬ ማየት እንኳ አልቻልኩም። መውረድ ብቻ ነበር የፈለግኩት።

አብራን የመጣች የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነበረች። አጠገቤ ተቀመጠችና ሩቁን ትቼ ከፊቴ ያለውን ድንጋይ እንዳይ ነገረችኝ። ሰው ሲቆም ሚዛኑን የሚጠብቀው በዓይኑ፣ በውስጠኛው ጆሮውና በእግሩ ስሜት ነው አለችኝ። ከፍታ ላይ በቅርብ የሚታይ ነገር ሲጠፋ ዓይን የሰውነትን መወዛወዝ በደንብ መለየት ያቅተዋል፣ ያኔ ያዞራል። ከዚያ «ፍርሃቱ እየጨመረ የሚሄድ ይመስልሻል፤ ከታገስሽው ግን ራሱ ይወርዳል። አሁን ሸሽተሽ ከወረድሽ ሰውነትሽ የዳንኩት ስለሸሸሁ ነው ብሎ ይይዘዋል» አለችኝ።

ተቀመጥን። ልቤ ሲደልቅ ቆየ፤ ላብ አጠመቀኝ፤ ከዚያ እውነትም ቀስ እያለ ረገበ። ፍርሃቱ ጨርሶ አልጠፋም፣ አባባ። ነገር ግን ይዤው መራመድ ቻልኩ። ጫፍ ላይ ስንደርስ በአንድ በኩል ከተማችን፣ ራቅ ብሎ የረርና ዝቋላ ይታያሉ።

ስንወርድ ስለ እርስዎ አጫወትኳት። ወድቀው የተነሱ ብዙ አረጋውያን አጥንታቸው ከገጠመ በኋላም ቤት የሚያስቀራቸው ፍርሃቱ ነው አለች። ተቀምጦ መዋል ደግሞ የእግርን ጡንቻ ያሳሳል፣ ሚዛንን ያዳክማል፤ መውደቅን ፈርቶ የተቀመጠ ሰው ይበልጥ ለመውደቅ ይቀርባል። ይህን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። ሐኪሙ «አጥንቱ ገጥሟል፣ ይራመዱ» ካለዎት ቆየ። የዕድሩ ሰዎች ሦስተኛ ፎቅ ድረስ እየወጡ ይጠይቁዎታል፤ የሰው ለቅሶ ሳይደርሱ የማያድሩት አባቴ ግን የጎረቤትዎን ለቅሶ በመስኮት ሰሙ። ያን ዕለት ፊትዎን አይቻለሁ። ልወቅስዎት አይደለም፤ ደረጃው አፋፍ ላይ ሲቆሙ እጅዎ በሩን እንዴት እንደሚይዝ ሳይ ምን እንደሚሰማዎት አሁን አውቀዋለሁ። እኔም ሣሩን እንደዚያው ነው የያዝኩት።

ስለዚህ ቅዳሜ እመጣለሁ። ግቢው ድረስ እንውረድ አልልዎትም። የመጀመሪያው ማረፊያ ድረስ ብቻ። አንድ እጅዎ ብረቱን ይይዛል፣ በሌላው ከዘራዎን፤ እኔ ከፊትዎ አንድ ደረጃ ዝቅ ብዬ እወርዳለሁ። ወደ ታች ሳይሆን የሚረግጡበትን ደረጃ ነው የሚያዩት። ማረፊያው ላይ ወንበር አስቀምጣለሁ፤ ልብዎ እስኪረጋ እንቀመጥና ተመልሰን እንወጣለን። በሳምንቱም እንደዚያው። ሲለምዱት ወደ ሁለተኛው ማረፊያ እንወርዳለን። በሩ ላይ «አልችልም» ካሉኝም በሩን ከፍተን እዚያው አብረን እንቆማለን፤ አልቸኩልም።

መድኃኒትዎን እንዳይረሱ። ሸበጡ ያንሸራትታልና ቅዳሜ ተረከዝ የሚይዘውን ጥቁር ጫማዎን አድርገው ይጠብቁኝ።

የምትወድዎት ልጅዎ