ከእሑዱ ስብሰባ በፊት

ሙሉዬ፣ እንደምን ከርመሻል? በጣም ጠፋሁ፤ ይቅር በይኝ፣ ሰበብ አልደረድርም። የሕንፃችሁን የውኃ ፓምፕ መዋጮ እሑድ ልታስወስኚ መሆኑን እህትሽ ነገረችኝና ሳልጽፍልሽ ማደር አልቻልኩም። ኮዬ ፈጬ ገና ሳትገቢ ሰብሳቢ ያደርጉሻል ብዬሽ አልነበር?

አደራሽን፣ «የምትደግፉ እጅ አውጡ» እንዳትዪ። ጋሽ ተሰማ ቀድመው እጃቸውን ካነሱ አግዳሚው ሁሉ ተከትሎ ያነሳል። ምድር ቤት ያለው ሰው ውኃ ያለ ፓምፕም ይደርሰዋል፤ ግን አራተኛ ፎቅ ድረስ ጀሪካን የሚሸከሙ እናት ፊት «ለምን እኩል እከፍላለሁ?» ብሎ አይናገርም። እጁን ያወጣና ብሩ ሲጠየቅ «ባለቤቴ የለም፣ ነገ» ይላል። ክፉ ሆኖ አይደለም።

ሰሎሞን አሽ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1951 አሜሪካ ውስጥ ይህንኑ በካርድ አሳይቶታል። አንዱ ካርድ ላይ አንድ መስመር፣ ሌላው ላይ ሦስት፤ ጥያቄው የትኛው እኩል ነው ብቻ። መልሱ ፊት ለፊት የሚታይ ነው። ቀድመው የሚመልሱት ተነጋግረው አንድ ዓይነት ስህተት ሲጠሩ ግን፣ ነገሩን ካላወቁት ተፈታኞች ከአራቱ ሦስቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተከተሏቸው። ማንም አላስፈራራቸውም። ከተነጋገሩት አንዱ እውነቱን ሲናገር፣ ወይም ተፈታኙ መልሱን ለብቻው ሲጽፍ፣ መከተሉ በጣም ቀነሰ።

ስለዚህ ውይይቱ ሳይጀመር ወረቀት አድዪ። የደብተር ቅጠል አራት ቦታ ቁረጪ፤ ፓምፑ ይገዛ ወይስ አይገዛ፣ መዋጮው እኩል ይሁን ወይስ በፎቅ፣ በወር ስንት ይቻላል። ስም አይጻፍበት። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ምልክት ብቻ ያድርጉ፤ የእጅ ጽሑፍ ይታወቃል። ማንበብ ለሚቸግራቸው ባቄላና ሽምብራ ስጪ፣ ከበሩ ጀርባ ካርቶን ውስጥ ይጣሉ። ወረቀቱን እየዞርሽ በእጅሽ ከሰበሰብሽ ግን ልፋትሽ ከንቱ ነው፤ ሰው ዓይንሽን እያየ ነው የሚሞላው። ጸሐፊዋ ደባልቃ ጮክ ብላ ታንብበው፣ ከዚያ ክርክሩ ይከፈት። ጋሽ ተሰማን አስቀድመሽ ቤታቸው ሄደሽ መጨረሻ እንዲናገሩ ለምኚልኝ፤ አንቺም ከሳቸው በፊት አስተያየት እንዳትሰጪ። ለጽዳት ቀን ዓይነቱ ጉዳይ ይህ ሁሉ አያስፈልግም።

ሌላው፣ «ሁላችንም እንከታተላለን» የሚል ቃለ ጉባኤ አትፈርሚ። ላታኔና ዳርሊ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት ጥናት፣ ክፍሉ ውስጥ ጢስ ሲገባ ብቻቸውን ከነበሩት ከአራቱ ሦስቱ ወጥተው ተናገሩ፤ ዝም ብለው ከሚቀመጡ ሁለት ሰዎች ጋር ከነበሩት ግን ከአሥሩ አንዱ ብቻ። ሮቶው ባዶ ሆኖ ፓምፑ ያለ ውኃ ሲሽከረከር ሃያ አባወራ ድምፁን ይሰማል፣ ሁሉም ሌላው ያጠፋዋል ይላል፣ ፓምፑ ይቃጠላል። የወሩን ተረኛና ተተኪውን በስም ጻፉ፤ ስልካቸው ማብሪያ ማጥፊያው አጠገብ ይለጠፍ።

ስለ እናትሽም ልጠይቅሽ ነበር... እሱ እንኳ በደብዳቤ አይሆንም፣ ሰኞ ማታ እደውላለሁ። ስንት ባቄላ፣ ስንት ሽምብራ እንደወጣ ያኔ ትነግሪኛለሽ።